ድርዒያን ማን ቅኝ ገዛት?

ባለፈው ክረምት ስለ ወግ አጥባቂ እስላማዊ የፖለቲካ እንቅስቃሴዎች አመጣጥ በንባብ ክበባችን እንዳቀርብ ተጠየቅኩ። ሁለት ሳምንት አነበብኩና አንድ መልስ ያዝኩ፤ ሁሉም የቅኝ ግዛት ውጤት ነው።

የጀመርኩት ከግብፅ ነበር። ሐሰን አል በና በ1928 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሙስሊም ወንድማማቾችን ማኅበር ሲመሠርት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነው። ኢስማዒሊያ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ያስተምራል። ከተማዋ የስዊዝ ካናል ኩባንያ የግብፅ መቀመጫ ናት፤ የእንግሊዝ ጦርም አጠገቧ ሰፍሯል። የፈረንጆቹ ሰፈር ሌላ ዓለም ነው፣ የግብፃውያኑ ሠራተኞች ሰፈር ሌላ። የኦቶማን ኸሊፋነት ከተሻረ አራት ዓመቱ ነው። በና ቡና ቤት ድረስ እየገባ ይሰብክ ነበር። ይህን ሳነብ የሰዎቹ ውርደት ተሰማኝ፤ እዚያው ቀረሁ።

ጽሑፉን አስቀድሜ ለሰፈራችን ሼህ አነበብኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና "ጥሩ ነው ልጄ፤ ድርዒያን ግን ማን ቅኝ ገዛት?" አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ድርዒያ በነጅድ፣ ማለትም በዛሬዋ ሳዑዲ አረቢያ መሀል ያለች ከተማ ናት። ሰባኪው ሙሐመድ ኢብን አብዱልወሃብና የድርዒያው ገዢ ሙሐመድ ቢን ሱዑድ ቃል የተጋቡት በ1744 ነው። ያኔ ነጅድ ውስጥ የአውሮፓ ጦር የለም። ሰባኪው የተነሳው ራሳቸው ሙስሊሞች ከተውሒድ (አንድ አላህን ብቻ ከማምለክ) ወጥተዋል ብሎ ነው፤ መቃብር ላይ ጉልላት መሥራትን፣ በወልዮች (በቅዱሳን ሰዎች) መማለድን አወገዘ። ገዢው ጥበቃ ሰጠው። በምላሹም ግዛቱን የሚያሰፋበት ሃይማኖታዊ ድጋፍ አገኘ።

ጽሑፌን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ስለ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አራት ነገር ጠየቅኩ፦ የት? መቼ? ሥልጣኑ በማን እጅ ነበር? ገንዘቡስ ከየት መጣ? በተለይ የመጨረሻው ብዙ ነገር ገለጠልኝ። የህንዱ የዴኦባንድ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) የተከፈተው በ1866፣ እንግሊዞች ህንድ ውስጥ የተነሳባቸውን የ1857ቱን ዓመፅ ካደቀቁ በኋላ ነው። በመንግሥት ገንዘብ ላለመደገፍ ወስኖ በሕዝብ መዋጮ ቆመ። ፓርቲ አላቋቋመም፤ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ማፍራትን መረጠ። ኢስማዒሊያ ላይ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ወንድማማቾቹ የመጀመሪያ መስጊዳቸውን ሲሠሩ ካናል ኩባንያው ራሱ 500 የግብፅ ፓውንድ ረድቷቸዋል! "ገዢና ተገዢ" ብዬ ለሁለት የከፈልኩት ታሪክ እዚሁ ተደበላለቀብኝ።

ጥፋቴ የሚያሳዝን ታሪክ ሳገኝ መጠየቅ ማቆሜ ነበር። በደል እውነት ነው፤ ሰው ለምን እንደተቆጣ ይነግረናል። ቁጣው ለምን አንዱ ጋ መድረሳ፣ ሌላው ጋ ማኅበር እንደሆነ ግን አይነግረንም። ለዚያ መምህሩን፣ ገዢውንና መዋጮ ሰብሳቢውን መከተል አለብን።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱን ቦታዎች ብቻ አወራሁ። በ1941 ላሆር ላይ ማውዱዲ የተባለው ጸሐፊ ወደመሠረተው እስላማዊ የፖለቲካ ድርጅት፣ ወደ ጀማዓተ ኢስላሚ፣ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ። እሱን ለሚቀጥለው ወር አሻግረነዋል። ሼሁ አብረውኝ እያነበቡ ነው።