ስድስቱ 1፣ አንዱ 0.4

ካዛንቺስ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ካሽ ሬጂስተር፣ ፖስ ማሽንና የተሽከርካሪ ጂፒኤስን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ምርት ያቀርባል። የትኛው ወጪውን በቅልጥፍና እንደሚጠቀም ለማወቅ ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዲኢኤ የተባለው፣ ግብዓትን ከውጤት እያነጻጸረ ከ0 እስከ 1 ነጥብ የሚሰጥ ስሌት በኤክሴል ሶልቨር ተሠራ። አራት ግብዓትና ሁለት ውጤት ገባ። ስድስቱ ምርቶች ሙሉ ነጥብ፣ 1፣ ሲያገኙ አዲሱ ጂፒኤስ 0.4 ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይዘጋ ነው የሚለው» አለ ባለሙያው ለሥራ አስኪያጁ።

ስሌቱ እንደዚያ አላለም። ግብዓትና ውጤት ተደምረው 6 ከሆኑ የሚነጻጸሩት ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ 18 እንዲሆኑ ይመከራል። ካነሱ፣ እያንዳንዱ ምርት ለራሱ የሚያደላውን ሚዛን ስለሚመርጥ አብዛኛው አንደኛ ይወጣል። ምርት መፈልፈል ስለማይቻል የእያንዳንዱን ምርት እያንዳንዱን ሩብ ዓመት እንደ አንድ ተነጻጻሪ መቁጠር ነው። የ8 ሩብ ዓመት መረጃ ተከታታይ አራት ሩብ እየተያዘ፣ በየጊዜው አንድ ሩብ ወደፊት ሲንሸራተት 5 መስኮት፣ ማለትም አምስት የአራት ሩብ ቡድን፣ ይሆናል፤ በእያንዳንዱም 28 ተነጻጻሪ ይገኛል። አራት የተመረጠው በሰኔ ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቶች በጀት እንዳይመለስባቸው ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ስለሚገዙ የመጨረሻው ሩብ ያብጣል፤ ሦስት ሩብ ቢወሰድ አንዱ መስኮት ሰኔን ይዞ ሌላው ሳይዝ ይቀራል።

ከባዱ የዕድሜ ነገር ነው። የካሽ ሬጂስተሩ ሶፍትዌር የተጻፈበት ወጪ ድሮ ተዘግቷል፤ አሁን መሸጥና መጠገን ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ግን የፕሮግራመር ደመወዝና የሙከራ ዕቃ ዘንድሮ ተሸክሞ ሽያጩ ገና ነው። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ወጥቶ ከራሱ ያለፈ ሩብ ዓመት ጋር ይነጻጸራል፤ ለዚህ ሶልቨር አያስፈልግም፣ ለአንድ የተፈራረመ ደንበኛ ስንት ብር ወጣ ብሎ ማካፈል ይበቃል። በእያንዳንዱ መስኮት የሚቀሩት ተነጻጻሪዎች 24 ናቸው፣ አሁንም ከ18 በላይ። ጂፒኤሱ ሽያጭ ሲይዝ ይመለሳል፤ ያኔ የልማት ወጪው በሚሸጥባቸው ሩብ ዓመታት ላይ ይከፋፈላል። ትርፍን እንደ ውጤት አለማስገባት ነው፤ ኪሳራ ሲመጣ መደበኛው ስሌት ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር አይቀበልም።

ሌላው ወጥመድ የምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለውጥ በፊት የገባ ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ ማንም ሳይለፋ ቅልጥፍናው ያደገ ይመስላል። የዕቃው ወጪ ዛሬ ለመተካት በሚጠይቀው ዋጋ መሰላት አለበት።

እንዲህ ተስተካክሎ ሲሰላ ካሽ ሬጂስተሩ ከመስኮት ወደ መስኮት ነጥቡ ሲቀንስ ታየ፤ ቀጣዩ የመለዋወጫ ትዕዛዝም ተቀነሰ።