18 ደረጃና 80 ኪሎ ግራናይት

የኪችናችን ካውንተር ግራናይት ፎቅ ላይ ወጥቷል! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እናቴ ሽንኩርት የምትከትፈው እሱ አጠገብ ቆማ ነው። አንድ ጥጉ ተሸርፏል። የደረጃው መብራትም ተሰብሯል። ሁለቱም የኔ ጥፋት ናቸው፤ እመጣበታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቤታችን ደሴ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን፣ ኪችኑ ላይኛው ፎቅ ላይ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኪችኑን በራሴ እጅ ላድስ ብዬ ገባሁበት። ሴራሚኩ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ካቢኔቱን አናጢ ሠራው፣ እኔ ገጠምኩት። አንዱ በር አሁንም አይዘጋም። እሱን ተዉት።

ድንጋዩን ያስቆረጥኩት ኮምቦልቻ ነው። ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ስፋቱ 62 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲም። አንድ ሜትር ኩብ ግራናይት 2,700 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አባዙት፣ 80 ኪሎ ይመጣል። ባለ 3 ሳንቲሙ ቢሆን 120 ነበር። ሻጩ «ባለ 3ቱ ነው የሚያምረው» ሲለኝ ነበር። የኛን ደረጃ አላየማ!

የሲንኩን ቀዳዳ ሱቁ ውስጥ እንዳይቆርጡት አደረግኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። ቢቆረጥ 17 ኪሎ ያህል ይቀል ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀሩት ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ናቸው፤ ደረጃ ላይ ድንጋዩ ትንሽ ከተጣመመ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። እኔ 17 ኪሎ ብሸከም ይሻለኛል። አልዋሽም፣ ፎቅ ላይ በግራይንደር ስቆርጠው ውሃ እያፈሰስኩ፣ ማስክ አድርጌ ነው፤ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው። እንዲያም ሆኖ ጭቃው በርበሬ ዕቃው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ዳገት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አይሱዙው ላይ ድንጋዩን በጎኑ አቁመን፣ ከእንጨት ጋር አስረን አመጣነው። አስተኝቶ የሚጭን ሰው ካያችሁ አስወርዱት። ግራናይት ቢጫኑት ቻይ ነው፣ መጉበጥ ግን አይችልም። ተኝቶ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የራሱ ክብደት ወገቡን ይሰብረዋል። በጎኑ ሲቆም ግን 62 ሳንቲሙ ነው ክብደቱን የሚይዘው። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥቶ አንድ ጭረት አልነበረበትም።

ጉዱ የመጣው በ18ቱ ደረጃ ላይ ነው።

ደረጃችን ዘጠኝ ወጥቶ መዞሪያው ላይ ይታጠፍና ሌላ ዘጠኝ ይወጣል። ስፋቱ 90 ሳንቲም። 2.40 ሜትር ድንጋይ በጎኑ እንደተያዘ እዚያ አይታጠፍም። መዞሪያው ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ማዞር፣ ከዚያ እንደገና ማጋደም ነው ያለው አማራጭ። ይህን ቀድሜ አውቄዋለሁ። እንዲያውም ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት የድንጋዩን አምሳያ ሠርቼ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ሁለት ጊዜ ተለማምደናል። ካርቶኑ እየጨፈረ አለፈ። ኮራሁ።

ካርቶን ግን ክብደት የለውም። መብራቱ አጠገብ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ነበር ያለፈው፣ ልብ አላልኩም። ቁመቱን ለክቻለሁ፣ 2.40። አምፖሉ ከወለሉ 2.45 ላይ ነው የተንጠለጠለው። 5 ሳንቲም ይተርፋል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉም እንዳለ፣ አምስት ሆነን አነሳነው። ዘጠኙን ደረጃ በሰላም ወጣን። መዞሪያው ላይ የኋላውን ጥግ ወለል አስይዘን ፊቱን ማንሳት ጀመርን። ሊቆም ትንሽ ሲቀረው ጧ! አምፖሉ በአናታችን ላይ ረገፈ።

ተጋድሞ የነበረ ድንጋይ ቀጥ ከማለቱ በፊት በሰያፉ፣ ማለትም ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ባለው ርዝመት፣ በኩል ያልፋል። የ2.40 እና የ0.62 ሰያፍ ደግሞ 2.48 ነው። ለስንት ዓመት ፓይታጎረስን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ! ፍሪጅና ቁም ሣጥን የምታቆሙም ሰያፉን ለኩ።

ስንደነግጥ ድንጋዩ ተንሸራተተ። 80 ኪሎ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ። ለበሩ ምንጣፍ አንጥፌያለሁ፣ ለኪችኑ ስፖንጅ አዘጋጅቻለሁ፣ መዞሪያውን ረሳሁት። አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ሄደ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሆነው ጫጫታችንን ሲሰሙ ነበር። መጥተው አዩንና «አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ድንጋይ በጥጉ አይቆምም። እንጨት አንጥፍለት፣ በእንጨቱ ላይ ጎማ። ደግሞ አንድ ሰው ይናገር፣ ሌላው አፉን ይዝጋ።»

ይቺ የመጨረሻዋ ለኔ ነበረች። ላይ ሆኜ «ያዝ! ልቀቅ! ወደ ግራ!» ስል የነበርኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ስለሚሰማ ይመስለኛል። ደረጃ ላይ ግን ክብደቱ የሚበዛው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው፤ እግሩ መቼ እንደጸና የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የታችኛው የአክስቴ ልጅ ብቻ ተናገረ። እሱ «ቁም» ሲል ቆምን። ቁርጥራጭ አምፖሉን ጠርገን፣ የመብራቱን ገመድ ወደ ጣሪያው አስረን፣ ጣውላና የመኪና ጎማ ቁራጭ አንጥፈን እንደገና ጀመርን። ማቆሙ ቀላል ሆነ። ማጋደሙ ነው ያላበን። ቀሪውን ዘጠኝ ደረጃ እንዴት እንደወጣን እንኳ አላስታውስም።

ስለ መያዣ አንድ ነገር ልበል። መስታወት ቤቶች የሚጠቀሙበትን በአየር የሚጣበቅ እጀታ ተውሼ ነበር። የተወለወለው ፊት ላይ ይይዛል፣ ሸካራው ጀርባ ላይ ይለቃል። አቧራ ወይም ጤዛ ካለ ፊቱም ላይ አይታመንም። ጠፍጣፋ ቤት ውስጥ ለማስተካከል ይሁን፣ ደረጃ ላይ ግን አልደግመውም። እኛን ያወጣን ሰፊው የጭነት መኪና ማሰሪያ ነው፣ ከድንጋዩ ሥር ሁለት ቦታ ዞሮ። ክብ ገመድ እጅ ይቆርጣል።

«ለምን ለሁለት አላስቆረጥከውም?» የሚለኝ አይጠፋም። እናቴ ስፌት (ሁለቱ ቁራጮች የሚገጣጠሙበት መስመር) ያለው ድንጋይ አልፈልግም ስላለች ነው። እኔ ብሆን ከዛሬ በኋላ ስፌቱን እመርጣለሁ። ስፌት ያለው ያስገጠማችሁ ካላችሁ ውሃ ያስገባል ወይ? ንገሩኝ።

ከዚያ ውሃ ልክ፣ ከሥር ሲሊኮን፣ አንድ ቀን ማሳደር። የተሸረፈውን ጥግ፣ የሲንኩን ቀዳዳ ስቆርጥ የተረፈውን የድንጋዩን የራሱን ዱቄት አድርቄ፣ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ለውሼ ሞላሁት። ከቀኝ በኩል ሲታይ አይታወቅም። እናቴ ከግራ ነው የምትቆመው፣ ረከቦቱን እላዩ ላይ አስቀምጣበታለች።

አምፖሉን እስካሁን አልቀየርኩም። ማታ ደረጃውን የምንወጣው በስልክ መብራት ነው።