ዘጠኝ ሆኖ የተቆጠረው «ሰላም»

ስፕሪንግ ቡት የሚባለውን የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ መማር ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው። ለሰፈራችን እድር ማስታወሻ የምትልክ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ትናንት መልእክቱ በንጹህ አማርኛ ወጣ። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ጅማሬውን አላረዝምም። የፕሮግራሙ ሴቲንግ ከሚጻፍበት ከአፕሊኬሽን ፕሮፐርቲስ ፋይል ለማንበብ «አት ቫልዩ» የምትባለዋን አኖቴሽን (ኮዱ ላይ የምትለጠፍ ምልክት) ፊልዱ ላይ፣ ማለትም ዋጋውን የሚይዘው የክላሱ ተለዋዋጭ ላይ መለጠፍ ነው። ነል (ባዶ) ከሆነባችሁ ወይ ለስፕሪንግ ሳትተዉ ክላሱን ራሳችሁ በ«ኒው» ፈጥራችሁታል፣ ወይ ፊልዱ ስታቲክ (የክላሱ የጋራ) ነው፣ ወይ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ ቸኩላችሁ ነክታችሁታል። እኔ ሦስቱንም አድርጌያለሁ።

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ላይ «ሰላም» ብዬ ጽፌ ስክሪኑ ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን «ኤ»ዎች ይወጡልኛል። ዳታቤዙን ጠረጠርኩ፣ ብራውዘሩን ጠረጠርኩ፣ ፎንት ሁሉ ጫንኩ። ይባስ ብሎ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለው የመልእክቶች ፕሮፐርቲስ ፋይል አማርኛውን ጥርት አድርጎ ያነባል። በመጨረሻ የቃሉን ርዝመት ፕሪንት አደረግኩ። 9 አለኝ! ሦስት ፊደል እንዴት ዘጠኝ ይሆናል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በባይት የሚቀመጥበት ስልት ኢንኮዲንግ ይባላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ሦስት ባይት ይይዛል። ስፕሪንግ ቡት ደግሞ የአፕሊኬሽን ፕሮፐርቲስን ፋይል የሚያነበው በድሮው የላቲን ኢንኮዲንግ፣ በአይኤስኦ 8859-1 ነው። እዚያ ቤት አንድ ባይት ማለት አንድ ፊደል ነው። የመልእክቶቹ ፋይል ግን በሌላ መንገድ፣ በዩቲኤፍ 8 ነው የሚነበበው። አንድ ዓይነት ቅጥያ፣ ሁለት ዓይነት አነባበብ። ይህን ያሰበ ሰው አማርኛ እንደማይጽፍ እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ኑዛዜዬ። መፍትሔውን ሳላውቅ በፊት ኮዱ ውስጥ ጽሑፉን በላቲን ኢንኮዲንግ ወደ ባይት መልሶ በዩቲኤፍ 8 እንደገና የሚያነብ አንድ መስመር ጠጋኝ ጽፌ ነበር። ሠራ። በኋላ ሁሉንም ያምል ወደሚባለው ሌላ የሴቲንግ ፋይል ዓይነት ገለበጥኩ፤ ያምል በዩቲኤፍ 8 ስለሚነበብ። አሁንም ሠራ። ከሳምንት በኋላ «ይሄ የድሮ ፋይል ምን ያደርጋል» ብዬ ፕሮፐርቲሱን ስሰርዘው «ሰላም» ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ አረፈው። ለካ ሁለቱ አንድ ቦታ ካሉ የሚያሸንፈው ፕሮፐርቲስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቃሉ ከያምሉ አልተወሰደም ነበር። ከያምሉ በትክክል ሲነበብ ደግሞ የኔው ጠጋኝ አበላሸው።

ስለዚህ አማርኛ ካላችሁ በቀጥታ ያምል ተጠቀሙ። ፕሮፐርቲሱ ላይ ፊደሉን በዩኒኮድ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ «ሰ»ን ባክስላሽ ዩ 1230 እያሉ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ነገ ማን ያነበዋል? ሌላው፣ ሴቲንጎቹን «ኮንፊጉሬሽን ፕሮፐርቲስ» በሚባለው አኖቴሽን አንድ ክላስ ውስጥ ሰብስቧቸው። አት ቫልዩን በየክላሱ መበተን ስንፍና ነው። የኔ ኮድ ውስጥ አሁንም አራት አሉ፤ አትዩኝ።

ያምልም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። የቀጠናችንን ኮድ 010 ብዬ ያለ ጥቅስ ምልክት ጽፌው ነበር። በዜሮ ሲጀምር በስምንት መሠረት ነው የሚያነበው ለካ። ዛሬ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ ደውለው፣ «ልጄ፣ አማርኛው አምሯል፤ ግን እኛ ቀጠና 8 የሚባል የለንም እኮ» አሉኝ።