ለዳገቱ ተዘጋጅተን ቁልቁለቱን የረሳንበት ጉዞ

በኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ የብስክሌት ቡድናችን ለሰባት ቀን ልምምድ ወደ አንዲት የተራራ ከተማ እንዲሄድ ሲወሰን፣ ጉዞውን የማስተባበር ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። ኮሌጃችን ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ከተማዋ ግን 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነበረች፤ ከእርሷ በላይ ያለው መንገድ ደግሞ በ8.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ዘጠኝ ብስክሌተኞች፣ አሰልጣኛችን፣ መካኒካችንና እኔ ነበርን። ሦስት ወር ሙሉ ስለዚያ ዳገት ብቻ አሰብን፤ በሜዳው ላይ የተቃራኒ ነፋስን እንደ ዳገት እየቆጠርን ተለማመድን። የወጣነውን መንገድ መልሰን መውረድ እንዳለብን ግን በዕቅዱ ላይ አንድም መስመር አልጻፍኩም ነበር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ዋናው ይኸው ጉድለት ነው።

በቅድሚያ በትክክል ያደረግነውን ልናገር። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት የሁሉንም ብስክሌት ማርሽ ጥርስ ቆጠርኩ። አብዛኞቻችን ለሜዳ የሚስማማውን፣ ከፊት 39 ከኋላ ደግሞ ቢበዛ 25 ጥርስ ያለውን ይዘን ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ከመካከላችን ዘገም የሚለው በሰዓት 9.4 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ገመትኩና ሒሳቡን ሠራሁ፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ በ39 እና በ25 ጥርስ የሚነዳ ሰው በደቂቃ 48 ጊዜ ብቻ ፔዳሉን ያዞራል፤ ይህም በእያንዳንዱ ዙር ጉልበቱን እንደሚፈትን መሰላል መውጣት ነው። ከፊት 34 ከኋላ 32 ጥርስ ቢኖረው ግን በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 70 ጊዜ ያዞራል። ልዩነቱ ይህን ያህል ግልጽ ስለነበር፣ ከቡድኑ በጀት ላይ ለልብስ የታሰበውን ገንዘብ ወደ ማርሽ እንድናዞረው አሰልጣኛችንን ለመንኳቸው፤ እርሳቸውም ተቀበሉኝ።

ሥራው ግን ካሰብኩት በላይ ሰፊ ሆነ። በብዙዎቹ ብስክሌቶች ላይ የፊቱን 39 ጥርስ ብቻ ፈትቶ በ34 መተካት ስለማይቻል የፔዳሉ ክንድ ከነጥርሱ መለወጥ ነበረበት፤ ከኋላ ደግሞ ለ32 ጥርስ ረዘም ያለ ክንድ ያለው ማርሽ ቀያሪና ረዘም ያለ ሰንሰለት ያስፈልጋል። መካኒካችን ሥራውን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲጨርስና እያንዳንዱ ብስክሌተኛ በአዲሱ ማርሽ ቢያንስ አራት ቀን እንዲነዳ መጠየቄ ጠቀመን፤ ማቆሚያ ላይ ሰቅለው ሲያዞሩት ያለችግር የሚለዋወጥ ማርሽ የሰው ክብደት ሲያርፍበት የሚዘልል መሆኑን በሁለት ብስክሌቶች ላይ ያየነው እዚያው ኮሌጃችን ውስጥ ሳለን ነው።

የማሸጉ ነገር ያን ያህል አላስቸገረንም። ፔዳልና ጎማ ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱን ኮርቻ ከፍታ በቴፕ ምልክት አድርጌ በደብተር ጻፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ዘነጋሁ፦ አንዱ ብስክሌት ማርሽ ቀያሪው ወደ ታች ሆኖ ተጭኖ ስለነበር፣ ቀያሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ታጠፈ። ይህ ብረት ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ ከጎረቤት ተውሶ መጠቀም አይቻልም። መካኒካችን በጥንቃቄ አቀናው እንጂ መለዋወጫ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ብስክሌት የራሱን መለዋወጫ ሳልይዝ አልጓዝም።

ከዘጠኝ ሰዓት መንገድ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ስንደርስ ሁሉም ብስክሌቱ ላይ ለመውጣት ቸኩሎ ነበር፤ እኔም የልጆቹን ደስታ ላለማጨለም ስል የ60 ኪሎ ሜትር ጉዞ ፈቀድኩ። ያን ማድረግ አልነበረብኝም። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በተራራም በሜዳም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። በ2,400 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከፍታ ሕመም ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ብርቱ የነበሩ ሦስት ልጆች ሌሊቱን ራስ ምታት ይዟቸው አደሩ፤ አንዱም አስመለሰው። ጠዋት አሰልጣኛችን ማንም ከከተማዋ በላይ እንዳይወጣ ከለከሉ። ወደ እኔ መጥተውም «ልጄ፣ በጥፋቱ መብሰልሰልህ ለማንም አይጠቅምም፤ ለነገ ምን እንደምትለውጥ ንገረኝ» አሉኝ።

የለወጥኩት ይህን ነው። ሁለተኛው ቀን ለታመሙት ሙሉ ዕረፍት፣ ለሌሎቹ አንድ ሰዓት ሜዳ ለሜዳ መንሸራሸር ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን የዳገቱን ግማሽ ብቻ ወጣን። ኃይል መለኪያ ያላቸው ብስክሌተኞች በኮሌጃችን ይሠሩበት ከነበረው ልክ 10 በመቶ ቀንሰው እንዲነዱ፣ መለኪያ የሌላቸውም ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር እስከቻሉበት ድረስ ብቻ እንዲገፉ ተስማማን። ይህ መቀነስ ለኩሩ ልጅ ከባድ ነው፤ በቤቱ የለመደውን ቁጥር ሲያጣ የደከመ ይመስለዋል። ስለዚህ በየምሽቱ ቁጥሩ ለምን እንደሚወርድ ደጋግሜ አስረዳሁ። ደረቁ አየር በትንፋሽ ብዙ ውኃ ስለሚወስድና የምግብ ፍላጎትም ስለሚቀንስ፣ ሳይጠሙም ውኃ እንዲጠጡ፣ ሳይራቡም በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት እንዲወስዱ መቆጣጠርም ነበረብኝ።

ከልጆቹ አንዱ፣ ታዋቂው የቤልጂየም ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አይደለምን፣ ታዲያ ስስ አየር ለእኛ ለምን አይጠቅመንም ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። መርክስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት በሜዳ ትራክ ላይ ሲነዳ ዋናው ባላጋራው ከፊት የሚጋፋው አየር ስለነበር፣ ስስ አየር ከሰውነቱ የቀነሰበትን በፍጥነት መልሶ ሰጥቶታል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው ግን የሚታገለው ከአየር ሳይሆን ከክብደቱ ጋር ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አያገኝም። በዚሁ ምክንያት በዳገት ላይ ከጓደኛ ኋላ መከለል እምብዛም አያግዝምና ቡድን መበታተኑ የማይቀር ነው። እኛም አብሮ ለመውጣት መታገላችንን ትተን፣ ሁሉም በራሱ አቅም እየወጣ የምንጠባበቅባቸውን ሦስት ቦታዎች አስቀድመን ወሰንን።

በአራተኛው ቀን ዳገቱን እስከ ጫፉ ወጣን፤ ደስታችንም ወሰን አልነበረውም። በላብ እንደራስን ጫፉ ላይ ሩብ ሰዓት ቆምን፤ ከዚያም ያለ ጃኬት ቁልቁል ጀመርን። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ አውቅ ነበር፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ እርጥብ ልብስን ምን እንደሚያደርገው ግን አላሰብኩም። ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ጣቶቼ የፍሬኑን እጀታ መጫናቸውን በዓይኔ ካላየሁ በቀር አላውቅም ነበር።

ከቡድኑ ታናሽ የሆነው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቁልቁለት ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም ለማንም አልነገረም። ቀስ ብሎ ለመውረድ ሲል የኋላውን ፍሬን ከጫፍ ጀምሮ ሳይለቅ ይዞት ወረደ። የብስክሌቱ ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ዓይነት ነበር። ከብስክሌቱ ጋር 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ማሞቅ ይችላል። ፈጥኖ የሚወርድ ሰው የዚህን ብዙውን ክፍል ለአየር ያካፍላል፤ ፍሬን ይዞ በዝግታ የሚወርድ ግን ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ለቸርኬው ይሰጠዋል። ስለዚህ ጥንቃቄ የመሰለው ነገር ለአደጋ አጋለጠው፤ ስድስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የኋላ ካላማዳሪያው በሙቀት ፈነዳና ወደ ተራራው በኩል ወደቀ። ክርኑና ዳሌው ተላጠ፤ ራስ መከላከያውም ተሰነጠቀ። በተራራው በኩል ሳይሆን በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይከብደኛል።

ለአምስተኛው ቀን የታሰበውን ዳገት ሰረዝኩት። ሁለት ልጆች ቀኑ ባከነ ብለው ተቃወሙኝ፤ ሆኖም አልተመለስኩም። መኪና የማይበዛበትን ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት መርጠን፣ ወደ ላይ በመኪና እየተመለስን አምስት ጊዜ ወረድነው። የተለማመድነው ጥቂት ነገር ነበር፤ ከጠመዝማዛው በፊት መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝ፣ ከዚያም ለቆ ቸርኬው እንዲቀዘቅዝ ማድረግ፤ እጅን በመሪው የታችኛው ጎን ማኖር፤ በመታጠፊያው ውጪ በኩል ያለውን ፔዳል ወደ ታች አውርዶ ክብደትን እዚያ ማሳረፍ፤ ዓይንን ከጎማው ፊት ሳይሆን ከመታጠፊያው መውጫ ላይ መጣል። በደረቅ መንገድ ሲቆም የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ተገልብጠን እንዳንወድቅ ፈርተን የኋላውን ብቻ ስንጠቀም ኖረናል። የወደቀው ልጅ ቁስሉ ታሽጎ ከመኪናው ሲመለከት ቆየና፣ በመጨረሻው ዙር አሰልጣኛችንን አስፈቅዶ ወረደ።

መካኒካችን በዚያው ምሽት የሁሉንም ብስክሌት የፍሬን ሸራ ፈትሾ የሦስቱን ለወጠ። ስድስተኛውን ቀን አረፍን።

በሰባተኛው ቀን የከሰዓቱን የተራራ ነጎድጓድ ለመቅደም ማልደን ወጣን። ከቡድኑ ፈጣኑ በ35 ደቂቃ፣ የመጨረሻው በ55 ደቂቃ ዳገቱን ጨረሱ። መኪናው አስቀድሞ ጫፉ ላይ ስለነበር የደረሰ ሁሉ ወዲያው ደረቅ ካናቴራ፣ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ለበሰ። የሁሉንም ጎማና ፍሬን በእጄ ፈተሽኩ፤ ከዚያም በመካከላችን ሁለት መቶ ሜትር ያህል እየተውን አንድ በአንድ መውረድ ጀመርን። የአንደኛ ዓመቱ ልጅ አምስተኛ ነበር፤ እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ከተማዋ መግቢያ ላይ ስደርስ ብስክሌቱን አጥር አስደግፎ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበርና፣ ሰላም ከማለቴ በፊት ጎንበስ ብዬ የኋላ ቸርኬውን በመዳፌ ነካሁት። ለብ ብሎ ነበር እንጂ አያቃጥልም።