«ሙሴ (አቶ) ፎሬ፣ አዲስ ነገር አያስፈልገንም»

የዛሬው የሥራ ገጠመኝ የእኔ አይደለም፤ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የጋብሪኤል ፎሬ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በሬኩዬሙ፣ ማለትም ለሙታን በሚዘመረው የጸሎት ድርሰቱ ነው። በዘመኑ ግን አለቃ የሚቆጣው፣ ደሞዝ ጠባቂ የቤተ ክርስቲያን ሠራተኛ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1866 ሬን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው፤ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ። ዕድሜው 20። ፓሪስ ተምሮ ለወጣ ወጣት ከተማዋ አሰልቺ ነበረች። ስብከት ሲጀመር ሹልክ ብሎ ይወጣና ሲጋራውን ያጨሳል። ቄሱ ጥርስ ውስጥ አስገብተውታል። እንደምንም ተቻችለው አራት ዓመት ኖሩ። በ1870 መጀመሪያ ግን፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረበትን የግብዣ ልብስ እንኳ ሳይቀይር መጥቶ ኦርጋኑ ላይ ቁጭ አለ። ሥራህን ልቀቅ ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ እኔ ከቄሱ ጋር ነኝ። ችሎታ ሌላ፣ የሥራ ሥነ ሥርዓት ሌላ።

የሚቀጥለው ላይ ግን ከፎሬ ጋር ነኝ።

በ1877 ፓሪስ በሚገኘው በታዋቂው የማድለን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ሆነ። ጥር 16 ቀን 1888 የአንድ አርክቴክት የቀብር ሥርዓት ነበር። ፎሬ አዲሱን ሬኩዬሙን ይዞ ቀረበ። ሌሎች ደራሲዎች በመለከትና በከበሮ የሚያናውጡትን የፍርድ ቀን ቁጣ ትቶታል። ቫዮሊን እንኳ ከአንድ ብቸኛ ተጫዋች በቀር የለም፤ ወፈር ያለ ድምፅ ያላቸው ባለአውታሮች፣ በገና መሰሉ ሃርፕ፣ ኦርጋን፣ አንድ ልጅ ብቻውን የሚዘምረው ጸሎት። ረጋ ያለ ነገር ነው።

ሥርዓቱ እንዳለቀ የደብሩ አለቃ አስጠሩት ይባላል። ይህ የማን ነው? የእኔ ነው አባቴ። «ሙሴ ፎሬ፣ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር አያስፈልገንም። ማድለን ያለው ዜማ ይበቃዋል።»

በቃ፣ ይኸው ነው ግምገማው። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው የሚል ጥያቄ የለም። ያልተለመደ ነው፣ አለቀ። ይህን ዓይነት አለቃ የማያውቅ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ያው ሬኩዬም በ1924 በዚያው በማድለን ተዘመረ፤ መንግሥት ባዘጋጀው የራሱ የፎሬ ቀብር ላይ።

በታዋቂው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በፓሪስ ኮንሰርቫቱዋርም በሩ ቶሎ አልተከፈተለትም። ዳይሬክተሩ አምብሯዝ ቶማስ ስሙን መስማት አይፈልጉም ነበር። መምህር ሆኖ የገባው እሳቸው በሞቱበት በ1896 ነው።

ከዚያ 1905 መጣ። የፎሬ ተማሪ የነበረው ሞሪስ ራቬል ለወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች ከሚዘጋጀው ከሮም ሽልማት ውድድር ገና በመጀመሪያው ዙር ተጣለ። ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ሁሉ የአንድ መምህር ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። መምህሩ ደግሞ ከዳኞቹ አንዱ ነው! ጋዜጣው ጮኸ፣ ሕዝቡ አጉረመረመ፣ የወቅቱ የኮንሰርቫቱዋሩ ዳይሬክተር ወንበሩን ለቀቁ። ወንበሩ ለማን ተሰጠ? በተማሪነት ኮንሰርቫቱዋሩን ረግጦት ለማያውቀው ለፎሬ።

ፎሬም ለመግቢያ ፈተናና ለውድድር ከውጭ ዳኛ አስመጣ። ተማሪዎችን በግል በክፍያ እያስጠኑ በፈተና ላይ ሲያዳሉ የነበሩ መምህራን ተጨማሪ ገቢያቸው ደረቀ። ብዙዎቹ ሥራ ለቀቁ። ስምም አወጡለት፦ ሮቤስፒዬር፤ በፈረንሳይ አብዮት ብዙ ሰው ባስገደለው መሪ ስም። እሱ ግን እስከ 1920 ከወንበሩ አልተነሳም።