ጥሩሩን ለሐውልት ነበር የሠራሁት

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ደብተሯ ላይ የምትስላት አንዲት ንግሥት አለች። አገሯ ደመና ላይ ነው። የምትለብሰው ጥሩር፣ የጦር ልብሷ ማለቴ ነው፣ የዘንዶ ቅርፊት ይመስላል። ትከሻው ላይ ደግሞ እንደ ድሮ ጋሻ ክብ በክብ የተደረደረ ጉብታ አለው። ነገሩ የጀመራት አባታችን ስለ ወሎዋ ንግሥት ወርቂት ሲያወራ ሰምታ ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ በግዛታቸው ተቀብለው ያሳለፏቸው እኒያ ወይዘሮ።

ባለፈው ክረምት «እስቲ ሥራልኝና ልልበሰው» አለችኝ። ጓደኛዋ ፎቶ አንሺ ናት፤ ጦሳ ተራራ ላይ ልታነሳት ተነጋግረዋል። እኔ ደሴ ውስጥ የጂፕሰም ኮርኒስ እሠራለሁ። ጀሶ እጄ የለመደው ነገር ነው። ሰው ላይ ግን አድርጌው አላውቅም።

መጀመሪያ የሥራ ጀሶዬን በጥብጬ ልለጥፍባት ነበር ያሰብኩት። እግዜር ይስጣቸውና ጎረቤታችን አስጣሉኝ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሰው ሠራሽ እግር ሲሠሩ ነው የኖሩት። «የባልዲ ጀሶ ገላ ላይ አይደረግም» አሉኝ። ምክንያቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከሰው ጋር አላያያዝኩትም እንጂ። ጀሶ ውሃ ጠጥቶ ሲጠነክር ይሞቃል። ከወፈረ ሙቀቱ መውጫ ያጣና 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቆዳ ያቃጥላል፤ ጠንክሮ ስለያዘም ቶሎ አይወልቅም። ለሰውነት የሚሆነው ስብራት የሚታሰርበት የጀሶ ፋሻ ነው። ስስ ከሆነ ለብ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ አያቃጥልም። ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩን 14 ጥቅል ከፋርማሲ ገዛሁ።

እህቴ ልክክ ያለ ስስ ቲሸርት ለብሳ ሳሎን መሃል ቆመች። ክንዷ ከጎኗ እንዲርቅ በሁለት እጇ መጥረጊያ እንጨት ተመርኩዛለች። አንገቷና ብብቷ አካባቢ ቫዝሊን ቀባናት። ጎረቤታችን ውሃ ሲነካው ቀለም በሚለቅ እርሳስ የአንገት አጥንቷን፣ የጎድን አጥንቷን ጫፍና የዳሌዋን አጥንት ቲሸርቱ ላይ አከበቡ። ምልክቱ ወደ ጀሶው ይተላለፋል። ከግራና ቀኝ ጎኗ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገባን፤ በኋላ መቀሱ የሚሄደው በእሱ ላይ ስለሆነ ገላዋን አይነካም። ከዚያ ፋሻውን ለብ ባለ ውሃ እየነከርን አራት ድርብ አለበስናት።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ጀሶው እንዳይሰነጠቅብኝ ፈርቼ «ቀጥ በይ፣ ሆድሽን ሳቢ፣ አትተንፍሺ» እያልኩ ጨቀጨቅኳት። እሷም እንዳልኳት ሆነች። 25 ደቂቃ ላይ ከንፈሯ ነጣ። ጎረቤታችን ቶሎ ብለው «ጉልበትሽን ላላ አድርጊው ልጄ፣ ትንሽ ወዝወዝ በይ፣ አብሽሪ» አሏት። ጉልበት ተገትሮ ሲቆይ ደም ወደ ላይ መመለስ ያቅተዋል። እናቴ ስኳር የበዛበት ሻይ እያጠጣቻት ጨረስን። አሁን ቢሆን ወንበር አስጠግቼ፣ መጀመሪያ አብልቼ ነው የምጀምረው።

ከላይዋ ቆርጠን ያወለቅነውን የጀሶ ልባስ መልሰን ገጥመን፣ ውስጡን በራሴ ሙያ የእሷን ቅርጽ ሠራሁበት። ጀሶ በቃጫ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ መሃሉ ክፍት። ድፍን ባደርገው ማን ያነሳዋል? ግን አልደርቅ አለ። ነሐሴ ነው፤ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጉም ለብሳ ትውላለች። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀት አላት። ለቅርጹ የአንድ ሰው ወንበር ከፍዬ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይዤው ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዩትና ነጠላቸውን አውልቀው ሸፈኑት። «ሴት ልጅ አይደለች? ብርድ ላይ እንዲህ ትሁን?» አሉ። እስክንደርስ አላነሱትም። አክስቴ ጓሮ በሳምንቱ ደረቀ።

ቀጥሎ ጭቃው። የሰኞ ገበያ ሸክላ ሻጮች ጋ ሄጄ አፈሩን ገዛሁና ቅርጹ ላይ የዘንዶውን ቅርፊት መቅረጽ ጀመርኩ። ጠዋት ስነሳ ሁሉም ተሰነጣጥቋል። ደረቅ ጀሶ የጭቃውን ውሃ መጦታል። ሁለተኛ ጊዜ ጀሶውን ዘይት ቀለም ቀባሁት። ሸክላ ሻጯም «ገል ፈጭተህ ካልቀላቀልክበት ይኮማተርብሃል» አለችኝ። ሰባራ ጀበናችንን ወቅጬ፣ ነፍቼ ጨመርኩበት። ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ትከሻው ላይ ያሉትን ክቦች በማንኪያ ጀርባ እያለሰለስኩ ሦስት ምሽት ቆየሁ። ከሥራው ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ጭቃው ሲያልቅ በስስ ላስቲክ ጠቅልዬ ፕላስተር ለጠፍኩበት። መስመር አሰመርኩና በምላጭ ቆርጬ ዘረጋሁት፤ ያ ፓተርን ሆነ። በፓተርኑ የልጆች መጫወቻ ምንጣፍ ቆረጥኩ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። የመኪና መስታወት ላሚኔሽን ከሚለጥፍ ልጅ ሙቅ አየር መንፊያ ተዋስኩ። ምንጣፉ ሲሞቅ ይታጠፋል፣ ፊቱም ጥብቅ ይላል። ማስቲሹን ሁለቱም ጎን ቀብቶ እጅ እስከማይዝ ድረስ መጠበቅ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ።

ቅርጹ ላይ ሳለብሰው ልክ እንደ ሥዕሏ ሆነ። እህቴ ላይ ሳለብሰው ግን መቀመጥ አቃታት። ክንዷን ስታነሳ ደረቱ አገጯን ይመታል። «ትንፋሽ አጠረኝ» አለች። ጎረቤታችን አይተው «ሆዷን ስባ ነው እኮ የቀረጽናት» አሉ። «እኛ ቅርጹን እንደወጣ አንጠቀምበትም። አጥንት ያለበት ቦታ ጀሶ እንጨምራለን። ሰውየው ይሄድበታል እኮ።» ያ ሁሉ የእርሳስ ምልክት ለዚህ ነበር። እኔ ጭቃ አልብሼው ረሳሁት።

ሜትር አምጥቼ ደረቷን ለካሁ። ትንፋሿን ስታወጣና ስትስብ በመካከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ጭቃውን አንስቼ በምልክቶቹ ላይ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ጀሶ ጨመርኩ። ጎንና ጎኑን ከፍቼ ጫማ ሰፊ ጋ የቆዳ ቀበቶ አሰፋሁበት። አንድ ወጥ የነበረውን ሆድ በሦስት ከፍዬ ደራረብኩት። ብብቱን በሁለት ጣት አሰፋሁት። ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ፈጀብኝ። ስንጥቁን በስቱኮ ለመድፈን ሞክሬ ነበር፤ ሲታጠፍ ይረግፋል፤ በማስቲሽ ሞላሁት። ከቀለሙ በፊት በውሃ የቀጠነ ኮላ ሦስት ጊዜ ተቀባ። ቀለሙ ናስ መሰለ።

መስከረም ላይ ጦሳ ወጣን። አደይ ፈንድቷል። እህቴ ሮጠች፣ ተንበረከከች፣ ጦሯን ወደ ሰማይ አነሳች። ጓደኛዋ ካሜራዋን ስታስተካክል እህቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ጥሩሩን ሳታወልቅ እናታችን ከቋጠረችልን ዳቦ ቆርሳ በላች። እኔ የሆዱን ሦስት ድርብ ነበር የማየው፤ አንዱ በሌላው ሥር ሸርተት እያለ አብሯት ይተነፍሳል።