ከሞረዱ በፊት

ቀኑን ሙሉ ያልጠራ ስሜት ተጫጭኖኝ ዋለ። ያዘንኩበት ነገር የለም፣ የተቀየምኩት ሰውም የለም፤ ነገር ግን የያዝኩት ሥራ ሁሉ መጨረሻው የማይታይ ሆነብኝ። እንዲህ ያለ ስሜት ሲመጣብኝ የምሸሸው ወደ ጊታር ጥገና ነው። መ. ብዬ የምጠራው ሰው ያመጣልኝን አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር አውርጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስተኛሁት፤ ክሮቹንም አላልቼ ወደ ጎን ገፋኋቸው። ለዛሬ ያሰብኩት ሥራ ትንሽ ነበር፤ ፍሬቶቹን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ አንድ በአንድ በቀጥ ያለ ብረት እየለካሁ የትኞቹ በሞረድ መስተካከል እንዳለባቸው ምልክት ማድረግ ብቻ። አንድም ምልክት ሳላደርግ መሸ።

ጊታሩ ርካሽ ነው፤ ሲሠራም ርካሽ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። አካሉ ወጥ እንጨት ሳይሆን ኮምፔንሳቶ ነው፣ ራሱ ላይ የሠሪው ስም የለበትም፣ ተከታታይ ቁጥርም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙ ወጣት ጊታር መማር በፈለገበት ወቅት እንዲህ ያሉ ጊታሮች በብዛት ይመረቱ ነበር። እንደ ቴይስኮ ያሉ የጃፓን ፋብሪካዎች የሠሯቸውን ጊታሮች ሻጮች የየራሳቸውን ስም እያተሙ ይሸጧቸው ነበር፤ በአሜሪካም ሲርስ የተባለው መደብር ሲልቨርቶን በሚል ስም ይሸጣቸው ከነበሩት መካከል በዳንኤሌክትሮ፣ በሃርመኒና በኬይ የተሠሩ ይገኙበታል። ዳንኤሌክትሮ እንዲያውም የጊታሮቹን ፊትና ጀርባ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሰዎች እነዚያኑ ጊታሮች በድምፃቸው ወድደው ይፈልጓቸዋል። የእኔው ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ የሚናገር ምንም ምልክት የለውም፤ እኔም የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው ማለት እችላለሁ። ስም ያለውን ጊታር በካቻቢቴ ለመክፈት እጄ አይደፍርም ነበር፤ ይህኛው ግን ሁሉንም ነገር እንድነካ፣ እንድፈታና መልሼ እንድገጥም ፈቀደልኝ።

እስካሁን የተማርኩትን በየጊዜው ስለጻፍኩት በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ ከአምፕሊፋየር ጋር ሳገናኘው የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ከሁለቱ ፒክአፖች አንዱ ፈጽሞ ዝም ያለ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከክሩ ድምፅ ይልቅ ጉምጉምታ ይበዛበት ነበር። ጉምጉምታው የመጣው ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ከብሪጁ ወደ መሬት መስመሩ የሚሄደው ሽቦ በመበጠሱ ነው፤ እሱን መቀጠል ቀላል ሆነ። ዝም ያለው ፒክአፕ ግን ብዙ ነገር አስተማረኝ። ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። ማግኔቱ የብረት ክሩን ራሱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲርገበገብ በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ መስኩ በተለዋወጠ ቁጥርም ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በቤተ ሙከራው ያሳየው ይህንኑ ነበር። ጤነኛውን ፒክአፕ በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ስለካው ጥቂት ሺህ ኦም ሲያሳየኝ ዝም ያለው ግን መስመሩ መቋረጡን ነገረኝ፤ በዚያ ሁሉ ጥምጥም ውስጥ አንድ ቦታ መበጠስ ሁሉንም ዝም ለማሰኘት ይበቃል። ደግነቱ የተበጠሰው ከውጭ በኩል፣ ከመውጫው ሽቦ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ነበር። በማጉያ መነጽር እያየሁ ጫፉን ፈልጌ፣ የተቀባውን መከላከያ ቀለም ቀስ ብዬ ፍቄ፣ በሶልደር አያያዝኩት። ያን ማታ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የዛሬው ነገር ግን ሌላ ነው። ፍሬቶቹን ለመለካት መብራቱን ወደ አንገቱ አዘንብዬ ሳይ፣ ብርሃኑ በጎን ሲወድቅባቸው ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ፍሬት የሚሠራው በአብዛኛው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ነው፤ የክሩ ብረት ከእሱ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ጣት ክሩን በተጫነ ቁጥር ክሩ ፍሬቱን በጥቂቱ ይበላዋል። በዚህ ጊታር ላይ ጥልቁ ጉድጓድ ከቀጭኖቹ በኩል በሁለተኛው ክር ስር፣ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ነው፤ ሲ እና ኤ ማይነር የሚባሉት ኮርዶች (በአንድ ላይ የሚመቱ የድምፆች ስብስቦች) ሁለቱም ጣት የሚያሳርፉት እዚያ ነው። ቀጥሎ በሦስተኛው ክር ስር ሁለተኛው ፍሬት፣ በሁለተኛው ክር ስር ደግሞ ሦስተኛው ፍሬት ተበልተዋል፤ እነዚህ የዲ ኮርድ ቦታዎች ናቸው። ጉድጓዶቹ ጠባብና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ክሩን ወደ ጎን እየሳበ የሚጫወት ሰው ፍሬቱን ሰፋ አድርጎ ይደፈጥጠዋል እንጂ እንዲህ አይቆርጠውም። ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ያሉት እስካሁን ያብረቀርቃሉ። የጊታሩ ጀርባ የቀበቶ ዘለበት ጭረት የለበትም፣ ክንድ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ግን ቀለሙ ሳስቷል። እንግዲህ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ተቀምጦ፣ ጥቂት ኮርዶችን፣ ለረጅም ጊዜ፣ ደጋግሞ ይጫወት ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ የመለኪያውን ብረት አስቀመጥኩት። በመጀመሪያ ያሰብኩት ጉድጓዶቹ የዚያ ሰው ማስታወሻ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ልፍቃቸው ነው የሚል ነበር፤ ሳስበው ግን ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። ጊታር መማር የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ኮርዶች ነው የሚጀምረው፤ እኔም ብሆን ጣቶቼን የማሳርፈው እነዚያው ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ የተበላው ቦታ ስለ አንድ ሰው የሚነግረኝ ጥቂት ነው። የበለጠ የሚናገረው ያልተበላው ነው።

ያልተበላው ደግሞ የኤፍ ኮርድ ነው። ኤፍ ሌባ ጣትን በመጀመሪያው ፍሬት ላይ አጋድሞ ስድስቱንም ክሮች መጫን ይጠይቃል፤ ቀለል ያለው አያያዙም ቢያንስ ቀጭኑን የመጀመሪያ ክር እዚያው ፍሬት ላይ ያስጭናል። ይህን ኮርድ ያዘወተረ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬት ጠርዞች ምልክት ሳያደርግባቸው አይቀርም። እዚህ ግን የፍሬቱ ሁለት ጠርዞች ንጹሕ ናቸው። ጊታር የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ተማሪ የሚቆመው ኤፍ ላይ ነው ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ያ ሰውም እዚያው ቆሞ ይሆን አልኩና ምክንያቱን ለመፈለግ ክሮቹን መልሼ አጥብቄ ቃኘኋቸው።

ምክንያቱ ነት በሚሉት ቁራጭ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነት በአንገቱ ራስ ላይ ያለው፣ ክሮቹ በስድስት ስንጥቆች የሚያልፉበት ትንሽ ቁራጭ ነው። ስንጥቆቹ በትክክለኛው ጥልቀት መቆረጣቸውን ለማወቅ ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጭኖ በመጀመሪያው ፍሬትና በክሩ መካከል የቀረውን ክፍተት ማየት ይበቃል፤ ክፍተቱ በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር ድረስ ትንሽ መሆን አለበት። በዚህ ጊታር ላይ ግን ወፍራም ካርድ ያለ ምንም ችግር ያልፋል። ስንጥቆቹ ከፋብሪካው እንደወጡ ናቸው፤ ሞረድ የነካቸው ሰው የለም። ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየመታ ይንቀጫቀጫል፣ ቁራጩም መለወጥ አለበት፤ ከፍ ብሎ ከተተወ ግን ጊታሩ ቢያንስ ይጮኻል፣ ይሸጣልም። ክር በክር እየሞከሩ ዝቅ ማድረግ የሠለጠነ እጅና ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጊታሩ ዋጋ ላይ የተቀነሰው ይህ ነው።

ነቱ ከፍ ሲል ክሩ በብዛት የሚከብደው ለነቱ በሚቀርበው በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጀማሪ ግን የሚውለው እዚያው ታች፣ ከሁሉ በሚከብደው ቦታ ነው። በዚህ ላይ ክሩ ወደ ፍሬቱ ለመድረስ ብዙ መውረድ ስላለበት ይወጠራል፣ ሲወጠርም ድምፁ ይቀጥናል። ሁለተኛውን ክር ያለ ጣት በ246.9 ኸርዝ (በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ እንዲርገበገብ) በትክክል ቃኝቼ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ስጫነው 261.6 ኸርዝ ላይ መቆም ሲገባው አልፎት ሄደ፤ መቃኛ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ጆሮዬም አወቀው። የሚያሳዝነው ፍሬቶቹ በትክክለኛው ቦታቸው ላይ መሆናቸው ነው። በአንድ ፍሬት ላይ ያለው የክር ርዝመት በቀጣዩ ፍሬት ላይ ላለው ሲካፈል 1.0595 ገደማ መሆን አለበት፣ 12ኛው ፍሬትም ክሩን ለሁለት እኩል ይከፍለዋል፤ ለክቼ ሳየው ማሽኑ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ሠርቶታል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆይቷል፣ የጎደለው የመጨረሻው የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

አሁን ያ ሰው ሲማር በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ክሮቹን እንደተባለው ይቃኛል፤ ሲ ሲጫወት ግን ድምፁ ይኮመጥጥበታል፤ እንደገና ይቃኛል፣ እንደገና ይኮመጥጣል። ኤፍን ሲሞክር ጣቱ እስኪያመው ይጫናል፣ ክሮቹ ግን ይታፈናሉ። በዚህ ጊዜ የሚያስበው ምንድን ነው? ነቱ ከፍ ብሏል ብሎ አያስብም፤ ነት የሚባል ነገር የሚስተካከል መሆኑን የነገረው ሰው አይኖርማ። ጆሮ የለኝም፣ ጣቶቼ ደካማ ናቸው፣ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ነው የሚያስበው። ይህ ነገር ያናድደኛል። ጥሩ የተስተካከለ ጊታር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ መጫወት ለሚችለው ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ጊታር ደግሞ ገና ምንም ለማያውቀው ይሰጣል፣ ሲያቅተውም ጥፋቱን ራሱ ላይ ያገኘዋል። ለልጆቻችሁ ወይም ለታናናሾቻችሁ ርካሽ ጊታር የምትገዙ ካላችሁ ዋጋው አያሳፍራችሁ፤ ነገር ግን ከመስጠታችሁ በፊት ነቱንና የክሮቹን ከፍታ ለሚያውቅ ሰው አሳዩልኝ።

ለፍሬቶቹ ያሰብኩት ሥራ ለሌላ ቀን ተላልፏል። ሞረድ የማሳርፍባቸው ከሆነ ሁሉም ፍሬቶች እስከ ጥልቁ ጉድጓድ ድረስ ዝቅ ማለት አለባቸው፤ ማንም ያልደረሰባቸው የላይኞቹም ቢሆኑ ከፍታቸውን ያጣሉ። ነቱን ግን አላሳደርኩትም። ቀጭኑን ሞረድ አንሥቼ ስንጥቆቹን በጥቂት በጥቂቱ፣ ክሩን እየመለስኩና እየለካሁ ዝቅ አደረግኋቸው፤ ከዚያ ኤፍን ያዝኩ። ስድስቱም ክሮች ጠርተው ጮኹ፤ ጣቴም አልተጨነቀም።

መ. ይህን ጊታር ከማን እንደተቀበለው ያውቃል፤ እስከ ዛሬ ግን ጠይቄው አላውቅም። ያ ሰው የተሻለ ጊታር አግኝቶ ይህን አስቀምጦት ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ የምጨነቅለት ነገር የለም። እጆቼ አይሆኑም ብሎ ትቶት ከሆነስ? ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ፈልጌ አግኝቼው ጥፋቱ የጣቶችህ አልነበረም ብለው ደስ ይለዋል ወይስ የባሰ ያዝናል?